እንቁላሉ ሲዞር

ቀኑ ሴፕቴምበር አሥራ አራት፣ 1979 ነበር፤ በእነሱ አገር የመስቀሉ በዓል ዕለት። ቤኒልዴ ለብዙ ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች። ግን በበዓል ቀን የባርሴሎናው አውቶቡስ በከተማዋ በአርሴንዳ አይቆምም ነበር። ማግስቱ ነው እንዳትል፣ ማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የሚሠሩበት ስፌት ቤት ደመወዝ የሚከፍልበት ቀን ስለነበር ሁለት ልጃገረዶች ደመወዛቸውን ጥለው በማለዳ አይሳፈሩም። ምናልባት ሰኞ ይሆናል። ምናልባትም ወሩ ራሱ ሌላ ነው። በደንብ የምታስታውሰው የሻንጣው እጀታ መዳፏን ሲቆርጣት፣ አደባባዩ ላይ ከቅስቶቹ ሥር ቆማ አብራት ልትሄድ የተቀጣጠረችውን የጓደኛዋን የሳቢናን ኮቴ ስትጠብቅ፣ ሹፌሩም አንገቱን አውጥቶ "አንቺ ልጅ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ድንጋዩን ደግፈሽ ትውያለሽ?" ሲላት ነው።

ሳቢና አልመጣችም። አውቶቡሱ ሄደ። ቤኒልዴ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመለስ ዳቦ ልትገዛ የወጣች ጎረቤት ወሬውን ነገረቻት፦ ሳቢና የሳንታ ክላራን ገዳም በር አንኳኩታ ገብታለች።

ሳንታ ክላራ የገባች አትወጣም። ከውጭ ላለ ሰው የሚቀረው ድምፅዋ ብቻ ነው፤ እሱም በመዘውሩ በኩል። መዘውሩ ግድግዳው ውስጥ የተተከለ፣ ቁመቱ አንድ ሕፃን የሚያህል የእንጨት በርሜል ነው። ከውጭ ያለው ሰው ገንዘቡን ያስቀምጣል፣ በርሜሉ ይዞራል፣ ከእንቁላል አስኳል የተሠራ ጣፋጭ በካርቶን ይወጣለታል። ማንም ማንንም አያይም።

ቤኒልዴም ብቻዋን ወደ ባርሴሎና አልሄደችም። "በሚቀጥለው ሳምንት" አለች። ከዚያ "ከገና በኋላ" አለች። ከዚያ ላሎ የሚባል አናጺ መጣ፤ ሞተር ብስክሌት ነበረው፣ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ስፌት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሰፋች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ሁለቱም ባርሴሎና ገቡ፤ እሷ ሳትሄድበት ቀርታ ያለቀሰችበትን መንገድ ስልካቸውን እየነካኩ፣ ቀና ሳይሉ አለፉት። ላሎ ሲሞትባት ማዘጋጃ ቤቱ አስጎብኚ ይፈልግ ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አረንጓዴ ሻርፕ አንገቷ ላይ አስራ እንግዶችን በእግር ታዞር ጀመር።

"ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ ስለዚህ መንገድ እስታለሁ ብላችሁ አትስጉ" ትላቸዋለች። ይስቃሉ። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

በአርሴንዳ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ለሳንታ ክላራ መነኮሳት እንቁላል ትወስዳለች፤ የሠርጓ ቀን እንዳይዘንብባት ይጸልዩላታል። ሙሽራዋ ቀኑን ትናገራለች፣ ቅርጫቱን መዘውሩ ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ቅርጫቱ ባዶውን ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ያወራ ዝናብ ይጠራል። ይህን የማያውቅ የአርሴንዳ ሰው የለም፤ ቤኒልዴም ታውቃለች። ሆኖም የራሷን እንቁላል ይዛ የሄደች ዕለት ከእንጨቱ ጀርባ ጎርነን ያለ ድምፅ "ቀኑ መቼ ነው፣ ልጄ?" ሲላት ክው አለች። ቀኑን ተናገረች። ቅርጫቱን አስቀመጠች። መዘውሩ እየዞረ ሳለ ግን አላስቻላትም።

"ሳቢና?"

ቅርጫቱ ባዶውን ተመልሶ መጣ። የሠርጉ ቀን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። የባንዱ ከበሮ ውኃ ጠጥቶ ድምፁ ጠፋ፣ የላሎ እናት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተንሸራታ ወደቀች።

በሳምንቱ ቤኒልዴ መዘውሩ ፊት ሄዳ ቆመች።

"ዘነበ!" አለች፣ እንደ መክሰስ።

"ማን አውሪ አለሽ?" አለ ድምፁ። ከዚያ ሳቅ ተሰማ። ሳቢና ፍንጭት ናት፤ ስትስቅ ትንሽ ታፏጫለች። ቤኒልዴ ያን ፉጨት ስትሰማ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳታውቅ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ጊዜ ተነጋገሩ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ የግንቡ ሽመላዎች ዘንድሮ ስለ መዘግየታቸው። አንዲቱን ጥያቄ ግን ቤኒልዴ አንድም ቀን አልጠየቀችም፦ ያን ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ እኔ ብቻዬን እሳፈር ነበር። ቅዳሜ እንዳትጠይቅ ጎብኚዎች ጆሯቸውን ቀስረው ይቆማሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ብቻዋን ሆና ስትመጣ መልሱ ያስፈራታል። መልሱ ትንሽ ነገር ቢሆንስ? "እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር" የሚል ዓይነት ነገር ቢሆንስ?

ዘንድሮ በበጋው መጨረሻ መነኮሳቱ አራት ብቻ ቀሩ። ገዳሙ ሊዘጋ፣ እነሱም ሩቅ አገር ወዳለ ሌላ ገዳም ሊዛወሩ ተወሰነ። ማዘጋጃ ቤቱ እሑድ በሙዚቃ ሊሸኛቸው አሰበ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ዳቦ ጋጋሪው ቤኒልዴን መንገድ ላይ አስቆማትና "ከዛሬ ወዲያ ዳቦ አትላክልን ብለውኛል" አላት። ነገሩ ወዲያው ገባት። ሙዚቃ አይፈልጉም፤ ዛሬውኑ ከተማው በሙሉ ምሳ ላይ ሲቀመጥ ሹልክ ብለው ሊሄዱ ነው።

ዛሬ እጠይቃታለሁ አለች በልቧ። ማንም ቢሰማ ይስማ።

የዚያን ቀን ጉብኝቱ ጉብኝት አልነበረም፤ ሩጫ ነበር። አደባባዩን "ይሄ አደባባይ ነው" ብላ አለፈችው። ጎብኚዎቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ኩስ ኩስ አሉ። ከሳራጎሳ የመጡ ዶን ፋኩንዶ የሚባሉ ጡረተኛ ግን የያንዳንዱን ድንጋይ ዕድሜ ካልሰሙ አይንቀሳቀሱም።

"እመቤት፣ ይሄ ቅስት የስንት ዘመን ነው?"

"አሮጌ ነው።"

"እኛ ሳራጎሳ ከዚህ የሚበልጥ አለን።"

"ከሆነ እሱን አይተውታል ማለት ነው። እንሂድ።"

"ግንቡስ? ግንቡን እናያለን ተብለናል!"

"ግንቡ የትም አይሄድብዎትም፣ ዶን ፋኩንዶ። ዛሬ የሚሄዱት መነኮሳቱ ናቸው።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ሊመልሱ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። እንዲያውም ወደ ኋላ ዞረው "ምን ትንቀረፈፋላችሁ፣ ቶሎ በሉ እንጂ!" ብለው ሌሎቹ ላይ ጮኹ።

ገዳሙ ሲደርሱ ቤኒልዴ እንግዶቹን የበሩን ቅርጽ እንዲያዩ ውጭ ትታ ብቻዋን ገባች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰምና ስኳር ይሸታል። የደወሉን ገመድ ሳበች።

"ሰላም ለኪ፣ ንጽሕት ማርያም" አለች፣ እንደ መዘውሩ ልማድ።

"ያለ ኃጢአት የተፀነሰች" አለ ያ ጎርናና ድምፅ። "ዛሬ ቀደምሽ። ሰዎችሽን የት ጣልሻቸው?"

"ደጅ ናቸው። አንዱ ግትር የሳራጎሳ ሰው ነው።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።"

"ልትሄጂ ነው አይደል? ሳትነግሪኝ። እንደገና።"

 ከእንጨቱ ጀርባ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

"ትመጫለሽ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነበር" አለች ሳቢና። "ሦስቱ ሚኒባስ ውስጥ ገብተዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ቤኒልዴ ሁለት እጇን መዘውሩ ላይ አሳረፈች። እንጨቱ ከብዙ መዳፍ ብዛት እንደ ሐር ለስልሷል።

"ሳቢና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጠዋት..."

በሩ ብርግድ አለ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ኖኤሊያ፣ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደለበሰች፣ ቅርጫት አቅፋ እያለከለከች ገባች። ቤኒልዴ ክርስትና ያነሳቻት ልጅ ናት፤ የሠርግ ቀሚሷንም ጫፍ በእጇ የሰፋችላት እሷ ናት።

"እትዬ ቤኒልዴ! ሄዱ? አመለጡኝ? አባቴ አሁን ምጣዱን ሲያወጣ ነው የነገረኝ! ሠርጌ እኮ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ማን ይጸልይልኛል?"

"አለሁ፣ ልጄ" አለ ድምፁ። "ቀኑ መቼ ነው?"

ኖኤሊያ ቀኑን ተናገረች። ከዚያ ለማስፈቀድ ይመስል ወደ ቤኒልዴ ዞረች። እንቁላል የያዘች ሙሽራ ተራ አትጠብቅም። ቤኒልዴ እጇን ከእንጨቱ ላይ አነሳች። ኖኤሊያ ቅርጫቱን አስቀመጠች።

መዘውሩ ሲጢጥ እያለ ዞረ።

ዝም አሉ። ኖኤሊያ በዱቄታም እጇ የክርስትና እናቷን እጅ ያዘች። ዶን ፋኩንዶ በበሩ ብቅ ብለው "እመቤት፣ በሩ ላይ የተቀረጹት እነዚህ ዛጎሎች..." ሊሉ ሲጀምሩ ሁለቱም ሴቶች ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አፈጠጡባቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁና ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተገትረው ቀሩ።

ባዶው ቅርጫት ይመለሳል ብለው ጠበቁ። ሁልጊዜ ወዲያው ነው የሚመለሰው። ዛሬ ግን አልተመለሰም። ከወዲያ በኩል እየተጎተተ የሚሄድ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ በር ተዘጋ። ከዚያ ከጓሮ በኩል የመኪና ሞተር ተነሣ።

ቤኒልዴ ኖኤሊያን እየጎተተች ወጣች። በእንግዶቹ መካከል አልፋ፣ የገዳሙን አጥር ታካ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቷ ሮጠች። ማዕዘኑን ስትዞር ሚኒባሱ ከጓሮው በር ወጥቶ ፊቱን ወደ አደባባዩ እያዞረ ነበር።

በመጨረሻው መስኮት አንዲት ደቃቃ ሴት ተቀምጣለች። ቤኒልዴ ያን የተሸበሸበ ፊት አላወቀችውም። ጉልበቷ ላይ የኖኤሊያን ቅርጫት ከነእንቁላሉ፣ እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጇ አቅፋለች። በምትሄድበት አገር ልትጸልይበት ይዛው መሄዷ ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ውጭውን ስታይ ቤኒልዴን አየቻት። አንድ እጇን ከቅርጫቱ ላይ አነሣች። ሰላም ልትላት ነው ስትባል፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፈገግ ስትል ፍንጭቷ ታየ።

ቤኒልዴ አፏን ከፈተች። ከጎኗ ኖኤሊያ እጇን አጥብቃ ያዘቻት፤ ቅርጫቱ ገና ባዶውን አልተመለሰም።

ሚኒባሱ ቅስቶቹን አለፈና ያኔ አውቶቡሱ በሄደበት መንገድ ቁልቁል ወረደ።