ጠርዙ የጎደለ እንጀራ

የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ኮሪደር በበረኪና በታጠበ ቁጥር፣ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለችው የእናቴ ምግብ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ወረርሽኙ የገባ ጊዜ እማዬ ወንበሩንም፣ የበር እጀታውንም፣ ሳንቲሙንም ሳይቀር በበረኪና ታጥብ ነበር፤ እኔም ያኔ ልጅ ሆኜ ያሳለውን ሁሉ በጥርጣሬ አይ ነበር።

ከዚያ በፊት እማዬ ትሪውን ራሷ አቅርባ፣ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሳ፣ ደንበኞቿ ፊት ቀምሳ «ብሉ» ትል ነበር። እነሱም ይህን ሳያዩ እጃቸውን አይሰዱም ነበር።

የሚያዝያው ዝናብ ሲጀምር አዳራሹ ተዘጋ፤ አስተናጋጆቹ ተሸኙ፤ ኪራዩ ግን አልቆመም። እማዬ ክፍያውን አስቀድማ በስልክ እየተቀበለች፣ ምግቡን በፕላስቲክ ሳሕን እየከደነች፣ ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር በሚነዳው በኦቲኖ በኩል መላክ ጀመረች። አብዛኛው ትእዛዝ የሚመጣው ኢምባካሲ ሰፈር ከሚኖሩት ከድሮ ደንበኛችን ከጋሽ ተክሌና ከጎረቤቶቻቸው ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ተክሌ ደወሉ። «ወርቅነሽ፣ እንጀራው ተቆርሶ ነው የሚደርሰኝ። በዚህ ጊዜ የማን እጅ እንደገባበት የማላውቀውን አልበላም፤ ጎረቤቶቼም እንደዚያው» አሏት። እነሱ ከቀሩ ምግብ ቤቱ መዘጋቱ ነበር። እማዬ ኦቲኖን ጠረጠረች፤ እኔም ጠረጠርኩት። ፌስታሉን በቀይ ክር አጥብቃ እያሰረች ብትልክም ስሞታው አልቀረም።

በመጨረሻ ሌላ ሞተረኛ እንደምትፈልግ ነገረችው። ኦቲኖ ሄልሜቱን ሳያወልቅ በስዋሂሊ፣ «ማማ፣ ይሄን እንጀራ በነፃ ብትሰጪኝም አልበላው፤ ይኮመጥጠኛል። ዛሬ ስታሽጊ ቆሜ ልይና ከዚያ አባሪኝ» አላት። በሩ ላይ ቆሞም ዓይኑን ከእጇ ሳይነቅል ይከታተላት ጀመር። እማዬ እየተናደደች እንጀራውን ዘርግታ፣ ወጡን ጨልፋ፣ ልትከድን ስትል እጇ እንደ ልማዱ ጠርዙን ቆረሰ፤ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋም ጎረሰች።

«ማማ፣ ሌባው ተያዘ» አላት።

እማዬ መዋጥም መትፋትም አቅቷት ቆመች። ከዚያ ኦቲኖን ይቅርታ ጠይቃ ለጋሽ ተክሌ ደወለች። እሳቸውም፣ «አንቺ የቀመስሽውን ነው ለካ ስደፋ የከረምኩት?» አሉ። «በይ፣ የዛሬውን ላኪው።»

ዛሬ አዳራሹ ተከፍቷል፤ ብዙው ምግብ ግን አሁንም በኦቲኖ ሞተር ይሄዳል፣ እማዬም ክዳኑን በፕላስተር አሽጋ ትልካለች እንጂ አትቀምስም። ለእኔም እዚህ ስትልክልኝ፣ ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ያኔ ጎድሎ ሲገኝ እጠረጥር ነበር፤ አሁን ሙሉ ሆኖ ሳገኘው ቅር ይለኛል።