ካፖርት የተቀመጠበት ወንበር

የጀርመን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠናው ተማሪ አንድ ቦታ አይረጋም። በቤተ መጻሕፍቱ ለየዘመኑ ወንበር መድቧል፤ የጥንቱን የጀግኖች ግጥም በሩ አጠገብ፣ ስለ አእምሮ ብርሃን የተጻፈውን መብራቱ ሥር፣ የጨረቃና የናፍቆቱን መስኮቱ ጋ ያነባል። ጉልበቱ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል፤ የእጅጌው ጫፍ በጥርሱ ተበልቷል። ጥግ ያለው ወንበር ላይ ግን ካፖርቱን አስቀምጦ ዞር ብሎም አያየውም።

እዚያው ቤተ መጻሕፍት በስተርጅና ማንበብ የሚማሩት አሮጊት አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ ያኛው ወንበር የማን ነው? ካፖርትህ ደከመው እንዴ?»

«እማማ፣ እሱ ከጦርነቱ በኋላ ለተጻፈው የተመደበ ነው። የነገው ፈተናዬ ከእሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወታደር ቤቱ ተመልሶ ከማንም አይነጋገርም። አባቴም እንዲሁ ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ እግሬ ይነሳብኛል።»

አሮጊቷ ፊደል የሚለማመዱበትን ወረቀት ይዘው ወደ ጥጉ ተዛወሩ። «በል ና። እኔም ከእነዚህ ጉዶች ጋር ብቻዬን አልችልም።»

ካፖርቱን አንስቶ በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ፤ እጅጌውን ነክሶ ገጹን ገለጠ። ጉልበቱ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው የአሮጊቷ ፊደል ሁሉ ተጣመመ። እሳቸው ግን እግርህን አሳርፍ አላሉትም።