ማርታ ለአባቷ ያላለችው

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀል ይሆናል።

ካሴት በዲቪዲ በሚተካበት ዘመን ስቶክሆልም ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። የጎረቤቴ የጋሽ ታደሰ ልጅ ማርታ ያኔ ፊልም ሠራች። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ለአባቷ ሳትናገር ከጓደኛዋ ጋር በአሮጌ መኪና ወደ ሰሜን፣ ፀሐይ ወደማትጠልቅበት አገር ትነዳለች። ታሪኩ የራሷ ነው፤ የምትጫወተውም ራሷ ናት። ስዊድኖቹ ወደዱላት፤ ጋዜጣ ላይም ወጣች። የጋሽ ታደሰ ስዊድንኛ ግን ከሥራ ቦታ አያልፍም፤ ማርታም አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ስለዚህ በሰፈራችን በሮግስቬድ፣ በእኛው በሐበሾች አዳራሽ ሲታይ ማይክ ይዤ እንድተረጉም ለመነችኝ።

«አንድም ቃል ሳትቀንሺ» አለችኝ። «እኔ ልነግረው አልቻልኩም።»

ፊልሙን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ የማይመሽ ብርሃን! እኔ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ግድግዳውን ሞልታ! ምን ዓይነት ዓይን ሰጣት ፈጣሪ? ሕፃናቱ እንኳ ሩጫቸውን ትተው ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ መኪናዋን አቁማ ወደ እኛ ዞረች፤ እንባዋ ይወርዳል። «አባዬ፣ ቀበቶህን ፈርቼ ነው የሄድኩት» አለች በስዊድንኛ። «አሁንም እፈራሃለሁ። ግን መጥተህ እንድትፈልገኝ በየማደያው ጠብቄሃለሁ።»

እኔስ ምን አልኩ? ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። በማይክ የሰው ገበና ላወጣ ነው? «አባዬ፣ አሳድገህ ለዚህ ስላበቃኸኝ አመሰግንሃለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እሷ አላለችም።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ታደሰ ተነሥተው መረቁ። ማርታ አማርኛ እንደምትሰማ ረስቼ ነበር? አልረሳሁም። ከፊት ወንበር ሆና አየችኝ። ከዚያ የአባቷን ፊት አየችና ዝም አለች። በዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

ገበና ሸፈንኩ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እልልታውም ጣፍጦኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ታደሰ ሶልና ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«አንቺ፣ ያን ቀን ልጄ እያመሰገነችኝ ለምን ታለቅስ ነበር?» አሉኝ።

እውነቱን የምናገርበትን በር ራሳቸው ከፈቱልኝ። እኔ ግን «የደስታ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ተመስገን። እኔስ የፈራችኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።»

በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ማርታ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አባትሽ ይቅርታ ሊጠይቁሽ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።