የተጠለለው ወይን

ባለፈው እሑድ ሄለን ቴሌግራፍ አቬኑ ጎዳና ላይ ባለው ምግብ ቤቷ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችልኝ። መለያውን ሳይ አወቅሁት። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከአያት ጀምሮ የሚጠምቀው ነው። «ከትናንት ጀምሮ ቆሟል፤ አተላው ዘቅጧል» አለችኝ። አባቷም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ኋላ ላይ ከተማሩ በኋላ ማለቴ ነው።

አባቷ ጋሼ ከበደ ለዚሁ ምግብ ቤት ያን ወይን ማስመጣት ሲጀምሩ እኔ ለስደተኛው ኮሚኒቲያችን ጋዜጣ የምጽፍ ወጣት ነበርኩ። የምኖረው ጎረቤት ከተማ ሄይዋርድ ነው። እዚህ አገር ዝናቡ የሚበረታው በጥርና በየካቲት ነውና አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ፣ እንዳልበሰብስ በምግብ ቤቱ የጓሮ በር ልገባ ስል ቆምኩ። በሩ ክፍት ነው። የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። ጋሼ ከበደ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነ ጆግ ቀይ ወይን ወደ ፈረንሳዩ ጠርሙስ ይገለብጣሉ። አጠገባቸው ሙሉ የምትባለው ወጥ ሠሪያቸው ቆማለች።

ያየሁት ይኸው ነው። ርካሽ ወይን አላየሁም። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግን «ርካሽ ወይን» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ አንድ ብርጭቆ አዘዝኩ። ጣዕሙ የሞተ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እውነት ከፈረንሳይ ነው?»

«ከየት ሊሆን ነው? ከሄይዋርድ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውም አጠራጠረኝ።

ጠርሙሱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። የሽያጩን ሥራ የምትመራው የጠማቂው ቤተሰብ ልጅ አነጋገረችኝ። ጋሼ ከበደ በእናንተ ጠርሙስ ርካሽ ወይን ይሞላሉ አልኳት። ነገሩ እውነት ከሆነ ለእሳቸው መሸጥ እንደሚያቆሙ ነገረችኝ። ስሜን እንዳታነሳ አደራ አልኳት።

ከወር በኋላ ከፈረንሳይ ደንበኞቿን ልትጎበኝ ስትመጣ ሳታሳውቅ ምግብ ቤቱ ገባች። እኔ ጥግ ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከተከፈተው ጠርሙስ ቀመሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ከበደ። «ደንበኛው አተላ አለው እያለ ሲመልስብኝ፣ እንደ ጠጅ አጠለልኩት።» ጨርቁን አምጥተው ዘረጉላት። ጥቁር ሐምራዊ አተላ ደርቆበታል።

ሴትየዋ ጨርቁን አገላብጣ አየችው፤ ጣዕሙን የገደለው ማጥለሉ ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን ማታ አቁሞ ማሳደር፣ ሲቀዱም ቀስ ማለት ብቻ እንደሚበቃ አሳየቻቸው። ሽያጩ ቀጠለ። ልትወጣ ስትል ግን ጋሼ ከበደ ጠየቋት።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ስም አልጠራም» አለች።

እሳቸው ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው ሙሉን አዩ። ስለ ጨርቁ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለእሷ ያላቸው ቃል «እሺ» እና «ተይው» ብቻ ሆነ። ሙሉም ፋሲካ ሳይደርስ ሥራዋን ትታ ሳን ሆዜ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደች። ጋዜጠኛ ምንጩን አይገልጥም እያልኩ ዝም አልኩ። ምንጩ ግን እኔው ነበርኩ።

ሄለን ወይኑን ቀስ ብላ ስትቀዳልኝ፣ «ዩ ኖው፣ አባዬ እስኪሞት ድረስ ነገሩን ያወጣችው ሙሉ ናት ይል ነበር» አለች።

«ሙሉ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱን አስቀምጣ፣ «እሷስ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

ስልኳን አውጥታ የሙሉን ቁጥር እንዳየው ከፍታ ከብርጭቆው አጠገብ አደረገችው። «ኮል ያድርጉላት» አለችኝ፤ እንግዳ ስለጠራት ሄደች።

በሥራዬ ያላንኳኳሁት በር የለም። በዚያ ዝናብ ግን የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወይኑን ሳልቀምስ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሙሉ አነሳችና፣ «ማን ልበል?» አለችኝ።