ስልሳ ሊትር ባሕር

ለእናቴ ባሕር ልሠራላት የተነሳሁት በንዴት ነው። የተናደድኩት በዓይን ሐኪሟ ላይ ነበር፤ ሰውየው ግን ምንም አላጠፋም። የዓይኗ ግፊት ሳይታወቅ ብዙ እንደቆየ፣ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውንም በጠብታ ማዘግየት እንጂ ማዳን እንደማይቻል ሳይቸኩል፣ በትሕትና ነገረን። "የሚዘጋው ከዳር ወደ መሐል ነው" አለ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስቶ ጠቀለለና በቀዳዳው እያየኝ፣ "አሁን እንዲህ ነው የሚታያቸው። ቀዳዳው ደግሞ እየጠበበ ይሄዳል" አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔ ደሜ ፈላ። ግን ማን ላይ ይጮኻል?

ወደ ቤታችን ወደ ለቡ ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ዝም ማለት አቃተኝና፣ "እማዬ፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ? ንገሪኝ ብቻ፣ የትም እወስድሻለሁ" አልኳት። ላሊበላ ትለኛለች ብዬ ነበር።

"የባሕሩን ታች" አለችኝ።

እናቴ አሰብ ነው ያደገችው። አባቷ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው ጠቅልለን ወደ አዲስ አበባ የመጣነው። የማስታውሰው ሙቀቱንና አልጋ ደጅ አውጥተን መተኛታችንን ብቻ ነው። እሷ ግን ዛሬም ሲበርዳት "እናንተ ደገኞች" ትለናለች፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከኛው ጋር ደጋ እየኖረች። በልጅነቷ ውሃው ጥርት ሲል ከጀልባ ላይ ጎንበስ ብለው ታቹን ያዩ ነበር። "ጣት ያለው አበባ አለ። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማንም ሳይነካው!" ትላለች፣ እጇን እየጨበጠችና እየዘረጋች። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር።

አሰብ ደግሞ እንደ ድሮው ብድግ ብለው የሚሄዱበት አገር አይደለም። "ጅቡቲ ልውሰድሽ" ብላት፣ "የሰው ባሕር ምን ያደርግልኛል? ደግሞ በዚህ ጉልበቴ!" ብላ ዘጋችኝ። እንግዲህ አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚሉትን አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ሲያሳድግ አየሁ። እኔ መካኒሳ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራ ሰው ነኝ። ፓምፕ፣ መብራት፣ ማሞቂያ። ይሄማ የኔው ሥራ ነው አልኩ። ወይ አለማወቅ!

መስታወቱን ለቡ መስኮትና በር የሚሠራ ቤት አስቆረጥኩ። ባለሙያው "ለምንድን ነው?" ሲለኝ "ለባሕር" አልኩት፤ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ስልሳ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ገንዳ ወጣችልን። ቦሌ በኩል የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና ጨውን፣ አሸዋውንና ድንጋዩን ከሱ ገዛሁ። የወጥ ጨው እንዳትሞክር፣ የሮቶ ውሃም እንዳለ እንዳታስገባ፣ ክሎሪኑ ይጨርስሃል ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ። ውሃው ተጣርቶ፣ ጨው ተበጥብጦ፣ ድንጋዩ ከገባ በኋላስ?

"ትጠብቃለህ" አለኝ።

"ምኑን?"

"የዓሣውን ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ ድንጋዩ ላይ እስኪራባ። አንድ ወር፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ አንድ ዓሣ። ውሃው ከዓሣው ጋር ሲረጋጋ ነው ኮራል የምታስበው።"

"ማፍጠን አይቻልም?"

"ይቻላል። ሁሉም ይሞታል" አለኝ፣ እየሳቀ። የሚሳቅበት አልነበረም። በአንድ በኩል ልታድግ ያለች ገንዳ፣ በሌላ በኩል ልትዘጋ ያለች ዓይን፤ ሁለቱም የኔን ችኮላ ከቁብ አይቆጥሩትም። እናቴ የባሕሩን ታች ታያለች ወይስ ገንዳዬ ሳይደርስ ይጨልምባታል? ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከጋራዥ እንደወጣሁ በቀጥታ ቤት፣ ቤት ስገባ በቀጥታ ገንዳው ላይ መደፋት ሆነ ኑሮዬ።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰችው። "ጨው አንሶታል" አለች።

በመለኪያው አየሁት፤ ልክ ነው። "አላነሰውም እማዬ።"

"ባሕር ውስጥ ያደግኩት እኔ ነኝ ወይስ ይሄ ቱቦህ?"

"ከዚያ ወዲያ ስንት ዘመን ወጥ አጣፍጠሽበታል፣ ምላስሽ ደገኛ ሆኗል" አልኳት። ሳቀች፤ ግን አላመነችኝም። እስከ ዛሬም አላመነችኝም።

ሳምንታት ሙሉ ውሃና ድንጋይ ብቻ። የለቡ ብርድ የታወቀ ስለሆነ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ያየች አንዲት ጎረቤት "ልጅሽ ድንጋይ እየቀቀለ ነው እንዴ?" ብላ እናቴን አሳቀቻት። ባለቤቴም የሳሎኑ ግማሽ በሽቦ ተወረረ ብላ ታጉረመርማለች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንዳይቆም ያገለገለ የአይሱዙ ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር አገናኝቼ ሶፋው ሥር አስቀመጥኩ። ለእሱስ አላንስም። ውሃው በትነት ሲቀንስ ጨው አልባ ውሃ መጨመር እንዳለብኝም ተማርኩ፤ ጨው አይተንም፣ እዚያው ነው የሚቀረው። ይሄን ስነግራት እናቴ፣ "እኔም ያው ነኝ" አለችኝ።

በመጨረሻ ዓሣው መጣ። ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀበቶ ያለው፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ፈለገችው። "አገኘሁት... ኧረ ወጣብኝ! የት ገባ?" ዓሣው ከቀዳዳዋ ሲወጣባት አንገቷን እያዞረች አታሳድደውም። ባለበት ሆና ትጠብቀዋለች። ተመልሶ ሲያልፍላት "መጣልኝ!" ትላለች፣ ልክ እንደ ልጅ።

አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ በጣት ጫፍ ቆንጠር ተደርጎ፣ ከሻጩ የተገዛው ምግብ። የተረፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን ይመርዛል። እናቴ ምግቡን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። "ይሄ ምግብ ነው? ቀኑን ሙሉ?" አለች። ለዓሣ በቂው ነው አልኳት።

የጥቅምት አቦ ለት ጉዴ ፈላ። ጎረቤቶቻችን መካኒሳ አቦ አንግሠው ሲመለሱ፣ ታማ የከረመችውን እናቴን ሊጠይቁ ድፎ ዳቦ ይዘው ጎራ አሉ። እኔ ጋራዥ ነበርኩ፣ ባለቤቴም ቤት አልነበረችም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ገንዳው ዙሪያ ተቀመጠ። ዓሣው ደግሞ ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመጣል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ታዲያ የኛ ሰው ይሄን አይቶ እንዴት ዳቦ ይውጥለታል? ፊቱ ቁጭ ተብሎ እየተበላ! አንዷ ቆረስ አድርጋ ጣል አደረገችለት። ሌላዋ "እኔ የጣልኩለትንማ አልቀመሰም፣ በሞቴ!" ብላ ጨመረች። በሞቴ፣ ለዓሣ! አንዷን በልቶ የሌላዋን ቢተው ደግሞ ቅሬታ አለ። እናቴም የቤቱ ባለቤት ናትና በመጨረሻ ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ጣለችለት።

ስገባ ውሃው አጥሚት መስሏል። ዓሣው አናቱ ላይ ወጥቶ ያለከልካል። ዳቦውን በማጥለያ እያፈስኩ፣ ውሃ እየቀየርኩ፣ አየር እየነፋሁ ማምሻዬን ገፋሁት። አልሆነም። ሲነጋ በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘሁት።

ጮኽኩ። በእናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። "አልነገርኩሽም? አንድ ሕግ፣ አንድ ብቻ! አሁን እንደገና ከዜሮ መጠበቅ ነው፣ ጊዜ ያለሽ መሰለሽ?" ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት።

እሷ አልቆጣችም። "እኔ ቤት እንግዳ እየበላ ጾሙን የሚያድር የለም" አለችኝ፣ ረጋ ብላ። "እንደሚሞት ባውቅም ኖሮ ይከብደኝ ነበር። አንተስ ታውቅ የለ፣ ለምን ምግብ ስንበላ በጨርቅ ሸፍኑት አላልከንም?" እውነቷን ነው። ያነበብኩት ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ነበር፤ ስለ አቦ እንግዳ የተጻፈ አላገኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድ ሲቀርብ ገንዳው ላይ አሮጌ መጋረጃ እንጥላለን።

እንደገና መጠበቅ። በመሐል ሐኪሙ ጋ ሄድን፤ ቀዳዳው ጠቧል። ቤት ውስጥም ይታወቃል። ትከሻዋ የበሩን ጠርዝ ይመታል፣ ክንዷ ያላየችውን ብርጭቆ ይገፋል። እሷ "ምን እዚህ አስቀመጣችሁት?" ብላ በኛ ታላክካለች፣ እኛም "ይቅርታ" እንላለን። እኔ ገንዳዬ ውስጥ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ ድንጋይ እፈትጋለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ እለካለሁ። አዲስ ዓሣ መጣ። ኖረ። ውሃው ጠራ።

ከዚያ ሻጩ ደወለልኝ። ኮራል አግኝቷል፣ ያ እናቴ የምትለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ሮጬ ሄድኩ። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስረከበኝ ነገር የተጨመቀ ካልሲ ይመስላል። "ይሄ ነው?" አልኩት። "መንገድ አድክሞት ነው፣ ይከፍታል" አለኝ። ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩት። ካልሲ። በማግስቱም ካልሲ። እናቴ ከሥራ ስገባ ሁሌ "ተከፈተ?" ትለኛለች፣ እኔም "ነገ" እላታለሁ። ሞቶስ ቢሆን? ደግሞ ወራት የመጠበቅ አቅም እኔም ዓይኗም አልነበረንም። ከማን ጋር እንደምጣላ አጥቼ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መጋረጃውን አነሳሁ። ካልሲው የለም። በቦታው እፍኝ የማይሞላ ሐመር አበባ ቆሟል፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ጣቶች። ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ማንም ሳይነካቸው።

"እማዬ!" አልኩ፤ ድምፄ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ባለቤቴ ሳይቀር ከጓዳ እየሮጠች መጣች።

እናቴን ይዤ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። አገጯን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች መራሁት። ፈለገች። ፈለገች። ከዚያ እጄ ላይ ያለው አገጯ ጸጥ አለ። ጭኗ ላይ ያለ እጇ ሳይታወቃት መክፈት መዝጋት ጀመረ።

"እሱ ነው?" አልኳት።

"እሱ ነው።"

"ትንሽ ናት አውቃለሁ፣ ባሕር አትባልም..." ማለት ጀመርኩ።

"ትልቁ ቢሆን መቼ በዚህ ቀዳዳዬ ይገባልኝ ነበር!" አለች። "ይሄ ልኬ ነው።"

እንባዬ መጣ። እንዳታየኝ ብዬ ዞር አልኩ፣ ፎጣ የምፈልግ መስዬ። ከአሁን በኋላ ቀኑን ሙሉ እዚያ ትቀመጣለች ብዬ አስቤ ነበር፤ ለዚያም ትራስ ያለው ወንበር አዘጋጅቼላታለሁ። እሷ ግን ጥቂት አይታ በርጩማዋን ወደ ኋላ ገፋች።

"በቃ፣ አየሁት። ተባረክ" አለች። "አሁን አንተ ና፣ እዚህ መብራቱ ጋ ቁጭ በል።"

"ለምን?"

"ቁጭ በል ስልህ! ይሄን ሁሉ ወር ጀርባህን ነው የማየው።"

ገንዳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሁለት እጇ ጉንጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። ፊቴ ባንዴ አይገባላትም፤ አፌን አየች፣ ከዚያ አፍንጫዬን፣ ከዚያ አንድ ዓይኔን፣ ከዚያ ሌላውን። ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"መቼ ነው የሸበትከው?" አለችኝ።

"ቆየ እማዬ።"

"ጎንበስ በል፣ አናትህን አላየሁም" አለች። ጎንበስ አልኩላት።