የነሐሴ በርበሬ

በበርበሬ ነገር እናቴን ፋንታነሽን ቢቸና ውስጥ የሚስተካከላት የለም። ልጇ ስለሆንሁ አይደለም ይህን የምለው፤ ልጇ በመሆኔማ የማማት ሞልቶኛል። ሰርግ ያለበት ቤት ዛላው ከመገዛቱ በፊት እሷን ያስጠራል። አንዱን ፍሬ በጣቷ ሰብራ፣ አሽትታ፣ “ይኼ ዝናብ አግኝቶታል፣ መልሱት” ካለች ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ስንት እንደሚገባ፣ በሙቀጫ ተደልዞ ስንት ቀን ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚበቃው ጠንቅቃ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜውን ታውቃለች። በርበሬ የሚሠራው ወይ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ወይ ክረምት ሲወጣ በጥቅምት ነው። በዝናብ ወራት በርበሬ የምታሰጣ ሴት፣ እናቴ እንደምትለው፣ ወይ ትናንት የተዳረች ናት ወይ ሰነፍ።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ግን እሷ ራሷ በርበሬ ደለዘች።

እኛ ዘጠኝ ልጆች ነን። እኔ ፍሬ አራተኛዋ ነኝ፤ ሞጣ አስተምራለሁ። ወንድሜ አካለ ወልድ ስድስተኛ ነው። የቀሩት አንዱ ሉማሜ፣ አንዷ የጥኖራ፣ ሌሎቹ እዚያው ቢቸና ናቸው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የጤፍ አረም ይደርሳል፣ ሁላችንም እናታችን ቤት እንታጎራለን። በር ላይ የቦት ጫማ መዓት ይከመራል፤ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ቀድሞ የተነሳ የተሻለውን ያደርጋል። አባባ፣ ባየ ይባላሉ፣ በዚያ ጊዜ ብዙም አይናገሩም። ጠዋት ተነስተው ማን ከማን ጋር እንደሚያርም ይደለድላሉ፣ አለቀ።

አካለ ወልድ መርጡለ ማርያም ቅኔ ተምሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ነው። በሰኔ ደብዳቤ መጣለት። ደቡብ ኦሞ ውስጥ አዲስ ለተጠመቁ ሰዎች ወንጌል እንዲያስተምር ተመድቧል፤ ለሦስት ዓመት። ቤተ ክርስቲያኑ ገና በቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ ቄስ አለ፣ አስተማሪ ግን የለም። ቋንቋውን እዚያው ሄዶ ይለምዳል። ምሳ ላይ ነበር ደብዳቤውን ያነበበልን። አባባ አማተቡ። እማ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እዚያ አገር በርበሬ አለ ወይ አለችው። እሱም ስቆ እንጃ አላት። እንግዲያው ስንቅህን ሳልሠራልህ አትሄድም አለችው። በዚያው ቀረ።

አትሂድ ልትለው አትችልም። ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። አካለ ወልድ ሁለት ዓመቱ ሳለ ኩፍኝ ይዞት ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ ከርሞ ነበር። እማ ታቅፋው ሄዳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ “እመቤቴ፣ ብታተርፊልኝ ያንች ነው፣ ወደ ፈለግሽበት ላኪው” ብላ ተሳለች። ልጁ ተረፈ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቸዋለሁ፤ ስለ እኔ መታመም የሚወራ አንድ ታሪክ ግን የለም፣ እኔም ታምሜ አውቃለሁ። ለማንኛውም፣ እማ “ወደ ፈለግሽበት” ስትል በሐሳቧ የነበረው ሩቅ አገር መርጡለ ማርያም ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር እመቤታችን ትፈልገዋለች ብላ አላሰበችም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እኔ ለጉዳይ ሞጣ ሄጄ ሳለሁ ደውላ ዛላ በርበሬ ገዝተሽ ነይ አለችኝ። የምገዛው ከራዲያ ነው። ራዲያ ሱቁን ከአባቷ የወረሰች የቅመም ነጋዴ ናት፤ እናቴን አይታት አታውቅም፣ ግን በመለሰችባት በርበሬ ብዛት ታከብራታለች። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት ሚዛኑን አስቀመጠችው። “በነሐሴ ሊደልዙት? እናትሽ ደህና ናቸው?” አለች።

ወንድሜ ሊሄድ ስለሆነ ቸኩላ ነው አልኋት። ራዲያ ራሷን ነቀነቀች። የቸኮለ ሰው ከገበያ የተፈጨ ይገዛል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይጀምርም አለችኝ። ለመንገደኛው ብላ ኮረሪማና ጦስኝ ጨመረችልኝ። እኔ ልቤ ያለው ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ሳምንት ተዘግቶ ገና መከፈቱ ነው። ነገሯን ልብ አላልሁትም።

ፍልሰታን በጾምና በበርበሬ አሳለፍነው። የተደለዘው በርበሬ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ይሰጣል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ አንዱ “መጣ!” ይላል፣ ሁላችንም ሮጠን የሰሌኑን ጫፍ ጫፍ ይዘን ወደ ቤት እናስገባለን። ሲያባራ እናወጣለን። ቤቱ በነጭ ሽንኩርት ታፈነ፤ የምንተኛው እያስነጠስን ነው። መጀመሪያ ላይ ሳቅን። ነሐሴ ሃያ ሲያልፍ መሳቁ ቀረ። አካለ ወልድ ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ አብረውት የተመደቡት እዚያ ተሰብስበው ነው የሚንቀሳቀሱት። በርበሬው ግን ዛሬም እርጥብ፣ ነገም እርጥብ። ጎረቤታችን ይርጋነሽ በእሳት አድርቁት ብትል፣ እማ በርበሬ በእሳት ከደረቀ ምኑን በርበሬ ሆነ ብላ ተቆጣቻት።

አካለ ወልድ አዲስ አበባ ደወለ። እስከ ጳጉሜ ሦስት እንጠብቅሃለን፣ ካለፈ ሌላ ሰው እንመድባለን አሉት። ስንቁ ይቅርብኝ ልሂድ ሲል እማ ልጄ ሰው አገር ገብቶ እጁን አይዘረጋም ብላ ፊቷን አዞረች። እናቱን አስቀይሞ መሄድ ደግሞ ያለ ምርቃት መሄድ ነው። በእኛ ቤት ያለ አባትና እናት ምርቃት ሩቅ መንገድ የወጣ ሰው የለም። ሰው ሊመርቅና ሊያስተምር የሚሄድ ሰው እንዴት ሳይመረቅ ይሄዳል ይላል አካለ ወልድ። ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ከስቶ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም ነው ያከሳኝ እያለ ያታልለናል።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሆነ። አባባ ሁላችንንም ወደ ጤፉ አወጡን። እኩለ ቀን ሲሆን ለአራሚው ቆሎና ውሃ ላመጣ ተመለስሁና በጓሮ በኩል ገባሁ።

እማ ሰሌኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ግራ እጇ ላይ ውሃ የሞላ ቅል አለ። ቀኝ እጇን እየነከረች፣ ቄስ ጠበል እንደሚረጭ፣ በርበሬው ላይ ትረጫለች። አትቸኩልም። አንዱን ጥግ ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች። ከዚያ ላይኛው ደረቅ እንዲመስል በመዳፏ ታገላብጠዋለች።

ቆሜ ያየሁት ለረጅም ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ምን እያደረግሽ ነው አልኋት። አልደነገጠችም፤ ቅሉንም አልደበቀችም።

“አትሂድ አልሁት እኔ?” አለችኝ። “ከአፌ አንድ ቃል ወጣ? ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን አልቀማም። በርበሬው ነው ያልደረቀ።”

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ነው። ልጁ እንዴት እንደከሳ አታይም? እኛስ ወር ሙሉ ሰሌን ይዘን ስንሮጥ? የበርበሬ ሊቅ የተባለች ሴት ሰነፍ ስትባል መቀበሏ፣ ይህን ሁሉ ለእሱ ብላ መሆኑ፣ ይህም አናደደኝ። “እመቤታችን ዓይን የላትም ብለሽ ነው?” አልኋት። ይህን ባልናገር ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። “ታያለች እንጂ። ታያለች፤ እኔንም ትየኝ” አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ዘጠኝ አለሽ፣ አንዱ ቢሄድ ምን ይጎድልብሻል ይሉኛል። አንዱ ከሄደ እኔ ስምንቱን አላይም፣ ፍሬ። እንዲህ ነኝ። ምን ላድርግ?”

ከስምንቱ አንዷ ፊቷ ቆማለች። አመመኝ፤ አልዋሽም። ቆሎውን ይዤ ወጣሁ።

ማሳው ላይ ለአካለ ወልድ ነገርሁት። ትንሽ አረመ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት። እማ እዚያው ሰሌኑ አጠገብ ናት። አጠገቧ ተቀመጠና ከበርበሬው ውስጥ የቀረ የዛላ ዘንግ እየፈለገ ይለቅም ጀመር። ስለ ውሃው አንድም ቃል አልተናገረም።

“እማ፣ አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ” አላት። “ነገ ደውዬ ሌላ ሰው መድቡ እላቸዋለሁ። አልቀየምሽም። አንድ ጊዜ ብቻ በአፍሽ በይኝ።”

የምሩን ነበር። ድምፁ ውስጥ ማታለል የለም። እማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አሁን ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም እንድትለው ፈልጌ ነበር። ደቡብ ኦሞ ሩቅ ነው፣ መንገዱም የሚታመን አይደለም፣ ወንድሜ ነው። እሷ ግን ተነሳች። ፍሬ እሳት አንድጂ፣ ትልቁን ብረት ምጣድ አምጭ፣ ይርጋነሽንም ጥሪያት አለችኝ።

በርበሬ በእሳት አይደርቅም ያለችው ሴት በርበሬውን በእሳት ታደርቀው ጀመር። ጭሱ ቤቱን ሞላው። የሚያስለው ያስላል፣ የሚያስነጥሰው ያስነጥሳል፤ ከአረም የተመለሱት አንድ በአንድ እየገቡ ዓይናቸውን ይዘው ይወጣሉ። አባባ በር ላይ ቆመው እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም። ማን በጭሱ፣ ማን በሌላ ነገር እንዳለቀሰ የጠየቀ የለም። እኔ በሌላ ነገር ነው።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ተወሰደ። ሰውዬው ይኼ እኮ ገና ነው እያለ ፈጨው። ጳጉሜ ሁለት ቀን አካለ ወልድ ሻንጣውንና በርበሬውን ይዞ ተነሳ። አባባ ረጅም ምርቃት መረቁት፤ መንገዱን፣ ጤናውን፣ የሚያስተምራቸውን ሰዎች ሁሉ ሳይቀሩ መረቁ። ሥራህን ይባርክልህ ብለው ጨረሱ። ከዚያ እናቱ ፊት አጎነበሰ።

“በደህና ይመልስህ” አለችው።

ቀና አላለም። ቀሪውን እየጠበቀ ነው። በእኛ ቤት ምርቃት መመለሱን ብቻ አይልም፤ የሚሄድበትንም ሥራ ይላል። እማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጉልበቷን ስሞ ወጣ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ተናድጄባት ነበር፤ ከታጠፈ በኋላ ግን ይዣት ገባሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ እኔ ሞጣ ሳለሁ ደወለልኝ። ስልክ የሚሠራው ሁለት ሰዓት በእግር ተኪዶ ነው አለ። ልጆቹ ስሙን መጥራት ስለቸገራቸው አሳጥረውታል። ሙቀቱ ከባድ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በርበሬው ሻግቷል፣ ስከፍተው ነጭ ሆኖ አገኘሁት፣ ደፋሁት አለኝ። ለእማ ግን በጣም ጣፍጦታል በያት አለ። መምህር ነውና ውሸቱን እንዴት እንደምናገርም አስተማረኝ።

ያለኝን አደረግሁ። ለእማ ደውዬ ጣፍጦታል አልኋት።

“ሻግቷል” አለችኝ። “ላይ ላዩን ነው የደረቀው፤ ውስጡ ውሃ ይዟል። የእጄን ሥራ አላውቀውም? ልጄን ለሰው አገር ሻጋታ አስይዤ ላክሁት።”

አለቀሰች። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠርጋ ራዲያ ዘንድ ሂጂ አለችኝ።

ራዲያ ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀችኝም። በጥቅምት ነዋ። ከጓዳ የዓመቱን ምርጥ ዛላ አውጥታ መዘነችና፣ “አሁን ደህና ናቸው” አለች።

ቅዳሜ ቢቸና ወሰድሁላት። ከዚያ በኋላ ያለውን እህቶቼ ናቸው የነገሩኝ። ብቻዋን ቀነጠሰች፣ ብቻዋን ደለዘች፤ ማንንም አላስነካችም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዱላ ይዛ ሰሌኑ አጠገብ ትውላለች፤ ዶሮ ታባርራለች፣ ፀሐዩ ሲዞር ሰሌኑን ታዞራለች። ቁርስ ሲያመጡላት እዚያው ትበላለች። በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አገኘኋት። በርበሬው ተፈጭቶ በላስቲክ ታስሯል፤ ከላዩ ላይ ጨርቅ እየሰፋችበት ነው። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ቄስ አለ፣ ለእሱ እኔ አስረክባለሁ፣ ከዚያ የመደቡት ሰዎች ያደርሱለታል።

“ሲደውልልሽ፣ ሥራህን ይባርክልህ ብላለች በይው” አለችኝ፣ ከስፌቱ ቀና ሳትል።

ለምን ራስሽ አትነግሪውም አልኋት።

“እኔ ከተናገርሁ አለቅሳለሁ። እያለቀስሁ ከመረቅሁት፣ ና ያልሁት ይመስለዋል።”

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጥቅሉን በሁለት እጇ አንስታ መዘነችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“ደግሞ ይኼኛው ደርቋል በይው” አለችኝ።