ለኡኡታዬ ማን ደረሰ?

ባለፈው ኅዳር ቡሬ ወርጄ ሰይድ ቤት አረፍኩ። ሰይድ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ እንደ አባቱ በርበሬ ነጋዴ ሆኖ ቀርቷል። በግቢው ሙሉ የተሰጣው በርበሬ እያስነጠሰኝ ሳለ የመጨረሻ ልጁ ዘሃራ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩማ! ሰው ውኃ ላይ ቆሞ ሲሄድ!»

አየሁ። አንድ ጎረምሳ ሳንቃ ላይ ቆሞ ቤት የሚያክል ማዕበል ይጋልባል።

«እኔና አባትሽም ሞክረነዋል» አልኳት።

ልጅቷ አባቷን ዞር ብላ አየችና ሳቋ አመለጣት። ሰይድ አሁን ቦርጩ ከወንበር የማያስነሳው ሰው ነው። «ይቀልዳሉ እርስዎ ደግሞ!» አለችኝ።

በይ ተቀመጪ ብዬ ነገርኳት። ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ ያልሰማ ሰው በምኖርባት በፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ያኔ እኔና ሰይድ ለትምህርት ኩባ ተልከን ነበር። እስከዚያ ድረስ የምናውቀው ትልቅ ውኃ በሐምሌ የሚሞላውን የፈጣምን ወንዝ ነው። ፈጣም ሲሞላ በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል፤ ውኃ ለእኛ የሚፈራ ነገር ነው። ባሕሩን ያየን ዕለት አፋችንን ከፍተን ቀረን። ማዶ የለውም! ወንዝ እኮ ማዶ አለው። ሰይድ ጎንበስ ብሎ ቀመሰና እንትፍ አለው። «አስሜ፣ ይሄን ሁሉ ጨው ማን ሞጀረበት?» አለኝ።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዛሬ ሩዝ በጥቁር ባቄላ፣ ነገ ጥቁር ባቄላ በሩዝ። የሰይድ እናት ሻንጣው ውስጥ የከተተችለትን በርበሬ ቆንጠር ቆንጠር እያደረግን ስንነሰንስ ከረምን። ያለቀ ቀን ለቅሶ ቤት እንዳለን ሁሉ ዝም ብለን በላን። የሸንኮራ ጭማቂያቸው ግን፣ አቤት! እሱስ እስካሁን ይናፍቀኛል።

ጠዋት ጠዋት ስፓኒሽ እንማራለን። እኔ ልጅ ሆኜ ዳዊት የደገምኩ ነኝና በቃል መያዝ አይከብደኝም፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሰይድ ከመጽሐፍ አልገባው ሲል ከምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ከፔድሮ ጋር ተወዳጀ። ፔድሮ በትርፍ ጊዜው የአሮጌ ጠረጴዛ ሳንቃ እየላገ ማዕበል መጋለቢያ የሚሠራ ሰው ነበር። ሰይድ ከእሱ፣ ሳንቃ ላይ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍን፣ ብድግ ብሎ መቆምን፣ ወድቆ መሳቅን ተማረ። ስፓኒሹም አብሮ መጣለት። እኔ አንዴ ሞክሬ ግማሹን ባሕር ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ልብስ መጠበቅ ሆነ።

አንድ እሑድ ፔድሮ ሳንቃው ተሰንጥቆበት ሊጠግን ወደ ቤቱ ሄደ። ሰይድ «አንዲት ብቻ ልጋልብና እወጣለሁ» ብሎ በሌላኛው ሳንቃ ገባ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ርቆብኛል። እሱ ወደ ዳር ይቀዝፋል፣ ውኃው ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጭንቅላቱ አንዴ ይታየኛል፣ አንዴ ይጠፋብኛል።

ክው አልኩ። ዳርቻው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ዋናተኛ ነው። «እርዱኝ» ብላቸው በቂ ነበር። ያን ቃል መምህሯ ፊት ስንቴ ብዬዋለሁ! አፌን ከፈትኩ፤ የለም። ያ ሁሉ ስፓኒሽ ከራሴ ላይ ጥርግ ብሎ ጠፋ።

የቀረኝ የአገሬ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ውኃ ሲወስደው ጉብታ ላይ ተወጥቶ ኡኡ ይባላል። ኡኡታ የሰማ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፤ ደመኛም ቢሆን ይመጣል። ሰምቶ የቀረ፣ እሱ ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። ወደ ጎን ራቅ ብሎ አንድ ቋጥኝ አየሁና ሮጬ ወጣሁበት። «ኡኡ! ኡኡ! ያገር ሰው ድረሱልኝ!» እያልኩ አቀለጥኩት።

ሰዎቹ ዞር አሉ። አንዱ አፏጨ። አንዲት ሴትዮ እጇን እያውለበለበች ወገቧን ነቀነቀች። ከዚያ አጨበጨቡልኝ! ደስ ብሎኝ የምጮህ መስሏቸዋል። ሰው እየሞተ ጭብጨባ! በዕድሜዬ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ኡኡ ብዬ ሰው አለመምጣቱ ከባሕሩ የባሰ አስፈራኝ። ከአገሬ ምን ያህል እንደራቅሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ድምፄ ሊዘጋ ሲል ሳንቃው ወደ ቋጥኙ ሲዞር አየሁ። ሰይድ በጎን በኩል እየቀዘፈ ነው። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቀረበ፤ በመጨረሻ አንድ ማዕበል አንሥቶ አሸዋው ላይ ወረወረው። ሮጬ ስደርስ የጨው ውኃ ያስመልሳል። ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ደህና ነህ?» አለኝ። እሱ እኔን! አእምሮው ተናግቷል ብዬ አለቀስኩ።

ፔድሮ ተመልሶ ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ቀጥ ብሎ ወደ ዳር ቢቀዝፍ ደክሞ ይቀር ነበር። የሚስበው ውኃ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን ሲወጡ ይለቃል። ይህን ማን ነገረው?» አለ። ማንም አልነገረውም። ሰይድ የአላህ ሥራ ነው አለ፣ እኔም የእግዜር ሥራ ነው አልኩ፤ በዚሁ ተውነው።

ለዘሃራ ነገሩን እንደ ልማዴ ቋጨሁላት። «ያን ሁሉ ጮሄ፣ ልጄ፣ አንድ ሰው እንኳ አልደረሰልኝም። ኡኡታ የማያውቅ አገር!»

«ኧረ ተው አስሜ!» አለ ሰይድ። «ሁልጊዜ እንዲህ ትላለህ።»

«ማን ደረሰ ታዲያ?»

«ሳንቃውን ለቅቄው ነበር እኮ» አለ። «ክንዴ ዝሎ፣ ሸሃዳዬን ይዤ፣ በቃ ብዬ ለቅቄው ነበር። ከዚያ ኡኡታ ሰማሁ። ድምፁ ያንተ ነው። ምነው፣ አስሜን ምን አገኘው? አልኩ። ዋና አታውቅም። ሳንቃውን መልሼ ያዝኩና ወደ ድምፅህ መጣሁ።»

ዘሃራ ስልኳን አስቀመጠች። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ «አንተ ስታወራ ማን መግቢያ ያገኛል?» አለኝ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ይህን ስጽፍም ድንጋጤው አለቀቀኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ኡኡታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እየሰጠመ ነበር። ማንም አልደረሰልኝም እያልኩ ስንት ዘመን አወራሁ። ደርሶልኝ ነበር።